ሠላሳ ስምንት ሚሊ ሜትር

ነፍሳት የሚወጉባት ስፒል 38 ሚሊ ሜትር ትረዝማለች። ልብስ ሰፊ በከንፈሩ ይዟት ከሚሠራባት ስፒል ትረዝማለች፤ ግን ትቀጥናለች። ከብረት የተሠራች ናት። ጥቁር ቀለም ለብሳለች። አናቷ ላይ ከሰናፍጭ ፍሬ የማትበልጥ ቢጫ ጉልላት አለች። የምትሸጠው በቁጥር ነው፤ ቁጥር 1 ውፍረቷ 0.40 ሚሊ ሜትር፣ ቁጥር 2 0.45፣ ቁጥር 3 ደግሞ 0.50 ነው። በአንዷና በሌላዋ መካከል ያለው ልዩነት የሚሊ ሜትር አንድ ሃያኛ ብቻ ነው። ዓይን አይለየውም፤ ጣት ግን ይለየዋል። ቁጥር 1ን ጠንካራ ደረት ላይ ሲጫኗት መሀሏ ላይ ጎበጥ ትላለች። ቁጥር 3 ቀጥ ብላ ትገባለች፤ ለትንሽ ቢራቢሮ ግን ቀዳዳዋ ይሰፋል። ለአብዛኛው ቢራቢሮ የምትስማማው ቁጥር 2 ናት።

ስፒሏ ጥቁር የሆነችው ለጌጥ አይደለም። የድሮ ሰብሳቢዎች የሚጠቀሙት የናስ ስፒል ነበር። ናስ ውስጥ መዳብ አለ፤ የነፍሳት ገላ ውስጥ ደግሞ ስብ አለ። ሁለቱ ዓመታት አብረው ሲቆዩ ከስፒሉ ዙሪያ አረንጓዴ፣ ሰም የመሰለ ነገር ይበቅላል። ይህ ነገር እያደገ ደረቱን ከውስጥ ይገፋዋል፤ በመጨረሻም ይሰነጥቀዋል። ጥቁሩ ቀለም ብረቱንና ስቡን እንዳይገናኙ የሚለይ ቆዳ ነው። አዲስ ስፒል ስገዛ መጀመሪያ የማየው ጫፏን፣ ቀጥሎ ቀለሟ አንድም ቦታ አለመላጡን ነው።

በዚህች ስፒል ላይ የምትቀመጠው ቢራቢሮ ከሎሚና ከብርቱካን ዛፍ አጠገብ ያደገ ሰው ሁሉ የሚያውቃት ናት። የሳይንስ ስሟ ፓፒሊዮ ዴሞዶከስ ነው። አባጨጓሬዋ የሎሚ ቅጠል ይበላል። ትንሽ ሳለ የወፍ ኩስ ይመስላል፤ ሲያድግ አረንጓዴ ይሆናል፤ ሲነኩት ከራሱ ጀርባ ብርቱካንማ፣ እንደ መንታ ቀንድ ያለ ነገር አውጥቶ ይሸታል። ከዚያ የምትወጣው ቢራቢሮ ጥቁር ናት፤ በላዩ ላይ ቢጫ ነጠብጣብና ቢጫ መታጠቂያ አላት። በእያንዳንዱ የኋላ ክንፍ ላይ ሁለት ዓይን የሚመስሉ ክቦች አሉ። አንዱ ወደ ሰውነቷ በሚጠጋው ጥግ ላይ፣ ሌላው የፊት ክንፉ ከሚሸፍነው ጠርዝ አጠገብ ነው። ይህን ሁለተኛውን ክብ አስታውሱልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ልጅ ሳለን ቢራቢሮ ስንይዝ ጣታችን ላይ የሚቀረው ዱቄት ዱቄት አይደለም፤ ቅርፊት ነው። እያንዳንዱ ቅርፊት የሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ያህላል። ከክንፉ ጋር የሚያያዘው በአንዲት ቀጭን ግንድ ነው። ረድፍ በረድፍ፣ አንዱ የሌላውን ሥር እየሸፈነ፣ እንደ ቤት ክዳን ተደራርቦ ይቀመጣል። የክንፉ ሥዕል ሁሉ ያለው በእነዚህ ክዳኖች ላይ ነው፤ ከሥሩ ያለው ክንፍ ራሱ እንደ ስስ ላስቲክ ብርሃን ያሳልፋል። የወደቀ ቅርፊት አይመለስም። ስለዚህ በዚህ ሥራ የመጀመሪያው ሕግ ክንፍን በጣት አለመንካት ነው። የሚነካው ወረንጦ ነው፤ እሱም ጫፉ ጥርስ የሌለው፣ ለስላሳና ሰፋ ያለ መሆን አለበት።

ቢራቢሮዋ እጄ የደረሰችው በሦስት ማዕዘን ወረቀት ውስጥ ነው። አራት ማዕዘን ወረቀት በሰያፍ ይታጠፋል፤ የሚተርፉት ሁለት ጠርዞች ወደ ውስጥ ይመለሳሉ፤ ያለ ሙጫ ይዘጋል። በውስጡ ክንፎቿ ጀርባ ለጀርባ ገጥመው ትተኛለች። ቀኑና ቦታው ከመግባቷ በፊት ወረቀቱ ላይ ይጻፋል፤ ከገባች በኋላ እርሳስ ቢጫኗት ትሰበራለችና። በእንደዚህ ያለ ወረቀት ደረቅ ቦታ ላይ ብትቀመጥ አሥርና ሃያ ዓመት ትቆያለች። ግን በዚያው ልክ ትደርቃለች። በዚያን ጊዜ ክንፏን ለመክፈት የሚሞክር ሰው እጁ ላይ የሚቀረው ስባሪ ብቻ ነው።

ስለዚህ ትለሰልሳለች። ሥራውን ያስተማሩኝ ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ መምህር ነበሩ፤ ጋሼ እላቸው ነበር። ማለስለሻቸው አፈ ሰፊ፣ ክዳኑ የሚገጥም የላስቲክ ዕቃ ነው። ከታች ሁለት ጣት ያህል የታጠበ አሸዋ አለ። አሸዋው እርጥብ ነው፤ ውኃ ግን አይቋጥርም። ዕቃውን ዘንበል ሲያደርጉት አንዲት ጠብታ ከወጣች በዝቷል ማለት ነው። በአሸዋው ላይ ወንፊት፣ በወንፊቱ ላይ ቢራቢሮዋ ትቀመጣለች። ክዳኑ ሥር የታጠፈ ጨርቅ ይደረጋል፤ አለዚያ ላቡ ክዳኑ ላይ ይጠራቀምና ክንፉ ላይ ይንጠባጠባል። ሻጋታ እንዳይወጣ ጋሼ ጥቂት የቲሞል ፍሬ ይጨምራሉ፤ ለጦስኝ ያንን ሽታ የሚሰጠው ያው ውሁድ ነው። ቲሞል ባልነበረ ጊዜ ጥቂት ቅርንፉድ አሸዋው ውስጥ ይቀብሩ ነበር። ዕቃው ሲከፈት ቤቱ የሻይ ቅመም ይሸታል።

ለትንሽ ቢራቢሮ አንድ ቀን ይበቃል። ዴሞዶከስን ለሚያህል ሁለት ቀን ያስፈልጋል። ከዚያ ቢቆይ ገላዋ መበስበስ ይጀምራል። አንዳንድ አረንጓዴ የእሳት እራቶች ደግሞ እርጥበት ሲነካቸው ቀለማቸው ይጠፋል፤ እነሱን እዚህ ዕቃ ውስጥ ማስገባት ራሱ ጥፋት ነው። መለስለሷን ለማወቅ የተዘጋ ወረንጦ በክንፎቿ መካከል ይገባና ቀስ ብሎ ይለቀቃል። ወረንጦው በራሱ ኃይል ሲከፈት ክንፎቹ አብረውት ከተከፈቱና ሲወጣም ወዲያው ካልተመለሱ ደርሳለች። እንደ ስፕሪንግ ተመልሰው ከተዘጉ ሌላ ሌሊት ያስፈልጋታል። እዚህ ላይ የሚቸኩል ሰው ኋላ ሦስት ሳምንት ይከፍልበታል።

ቀጥሎ ስፒሏ ናት። ቢራቢሮዋ በግራ እጅ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ትያዛለች፤ የምትያዘው ከደረቷ ሥር፣ እግሮቿ በወጡበት በኩል ነው። ስፒሏ የምትገባው በደረቱ ልክ መሀል፣ የሁለቱ የፊት ክንፎች ሥር በሚገናኙበት መስመር ላይ ነው። ከፊት ሲያዩዋት ወደ ቀኝም ወደ ግራም መዝመም የለባትም። ከጎን ሲያዩዋትም ወደ ራስ ወይም ወደ ሆድ ማዘንበል የለባትም። ሁለቱንም ለማየት እጁ ይዞራል እንጂ ዓይን አይገምትም። ጋሼ ስፒሏን ግማሽ መንገድ ካስገቡ በኋላ ሁልጊዜ ይቆሙ ነበር። ቢራቢሮዋን ወደ መስኮቱ አዙረው በብርሃኑ ላይ ያዩዋታል፤ ከዚያ ሩብ ዙር ያዞሯታል፤ እንደገና ያያሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው ቀሪውን የሚጫኑት። ስፒሏ ከመሀል ከወጣች ክንፎቹ ሲጎተቱ ሰውነቱ ይጠመዘዛል፤ ያን በኋላ ማቃናት አይቻልም።

መሀል ላይ መውጋት ግን ለቢራቢሮና ለእሳት እራት እንጂ ለሁሉም አይሆንም። ጢንዚዛ የሚወጋው በቀኙ ጠንካራ ክንፍ ላይ ነው፤ ከክንፉ ሥር ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ስፒሏ በሆዱ በኩል ስትወጣ በመካከለኛውና በኋለኛው እግር መካከል እንድትወጣ ተደርጎ። ፌንጣ ከአንገቱ ጀርባ ባለው ኮርቻ መሰል ሽፋን ላይ ወደ ኋላና ወደ ቀኝ ጠጋ ብሎ ይወጋል። ንብና ዝንብም ደረታቸው ላይ ከመሀል ትንሽ ወደ ቀኝ ነው የሚወጉት። ለስፒል በጣም የሚያንሱ ጢንዚዛዎች ደግሞ ጨርሶ አይወጉም። ከወፍራም ወረቀት 8 ሚሊ ሜትር ያህል የሚረዝም ሹል ሦስት ማዕዘን ይቆረጣል፤ ስፒሏ የምትገባው በሰፊው ጫፍ ነው። ሹሉ ጫፍ ትንሽ ይታጠፍና በውኃ የሚለቅ ሙጫ ይነካል፤ ከዚያ የጢንዚዛው ደረት ላይ ይለጠፋል። እዚህም የሚለጠፈው በቀኝ ጎኑ ነው።

ሁልጊዜ ቀኝ ነው። ምክንያቱን ስሰማ ለረጅም ጊዜ ዝም ማለቴን አስታውሳለሁ። የነፍሳት ገላ ግራና ቀኙ አንድ ነው። በቀኝ በኩል ስፒሏ የምታጠፋት አንዲት ፀጉር፣ አንዲት ነጥብ ወይም አንድ ሸንተረር በግራ በኩል ጓደኛ አላት። መሀሉ ግን ጓደኛ የለውም። በመሀል መስመር ላይ ያለ ምልክት አንድ ብቻ ነው፤ ስፒል ከበሳው ለዘላለም ጠፋ። ሰብሳቢዎች ሁሉ በቀኝ ለመውጋት ስለተስማሙ አጥኚው የትም አገር ሆኖ ሣጥን ሲከፍት ሙሉውን ጎን በግራ በኩል እንደሚያገኝ ያውቃል። ከማያውቀው፣ ምናልባትም ከመቶ ዓመት በፊት ከሞተ ሰው ጋር ሳይነጋገር ይግባባል። ለእኔ የዚህ ሙያ ውበት ከክንፎቹ ቀለም ይልቅ እዚህ ላይ ነው። ስፒሏ የምትገባበት ቦታ ለሚቀጥለው ሰው ሲባል የተመረጠ ነው።

መዘርጊያው ሰሌዳ ቀላል ዕቃ ይመስላል። ሁለት ረጃጅም ጣውላዎች ጎን ለጎን ናቸው፤ በመካከላቸው ቦይ አለ። የቦዩ ወለል ስፒል የሚቀበል ቡሽ ነው። የቦዩ ስፋት የቢራቢሮዋ ገላ ልክ መሆን አለበት፤ ጠብቦ ገላዋን እንዳይፍቅ፣ ሰፍቶም የክንፎቹን ሥር ያለ ድጋፍ እንዳይተው። ስለዚህ አንድ ሰሌዳ አይበቃም። የእኔ ሦስት ናቸው፤ ቦያቸው 4፣ 7 እና 10 ሚሊ ሜትር ነው። ጎንና ጎናቸው ዋንዛ ነው፤ ዋንዛ ለመላጊያ ይታዘዛል። ላዩ ላይ ስስ ቡሽ ተለጥፏል። ጣውላዎቹ ወደ ቦዩ በጣም በትንሹ ያዘነብላሉ፤ ክንፎቹ ከደረቁ በኋላ በዓመታት ውስጥ ጥቂት ወደ ታች ስለሚወርዱ ነው ከፍ ተደርገው የሚጀመሩት። በቡሹ ላይ ከቦዩ ጋር ቀጤ ማዕዘን የሚሠሩ የእርሳስ መስመሮች አሉ፤ በአንዱና በሌላው መካከል 5 ሚሊ ሜትር ነው። ብራና የሚጽፍ ሰው ቀለም ከማንሳቱ በፊት ብራናውን በወስፌ ነጥቦ እንደሚያሰምረው ሁሉ፣ እኔም ሰሌዳዬን ሳላሰምር ክንፍ አልዘረጋም።

ስፒሏ ቦዩ ውስጥ ትተከላለች። የክንፎቹ ሥር ከሰሌዳው ወለል ጋር እኩል እስኪሆን ድረስ ቀስ ተብላ ትጫናለች። ከዚህ ከፍ ካለ ክንፎቹ ወደ ታች ይታጠፋሉ፤ ዝቅ ካለ ወደ ላይ ይሰበራሉ። ቀጥሎ ሁለት የወረቀት ጥብጣቦች ያስፈልጋሉ። ወረቀቱ ለስላሳና ብርሃን የሚያሳልፍ ነው፤ ለስላሳ የሆነው ቅርፊቱን እንዳይዝ፣ የሚያሳልፈው የክንፉ ሥሮች ከታች እንዲታዩ ነው። እያንዳንዱ ጥብጣብ ከቢራቢሮዋ ራስ በላይ በአንድ ስፒል ይያዝና በክንፎቹ ላይ ይወርዳል።

አሁን የሚሠራው መርፌ ነው። የእኔ የመጨረሻዋ ቀጭን፣ ባለ ሦስት ዜሮዋ ስፒል ናት፤ ውፍረቷ 0.25 ሚሊ ሜትር ነው። በክብሪት እንጨት ጫፍ ላይ ሰክቻታለሁ። በክንፉ የፊት ጠርዝ አጠገብ የሚሄድ ወፍራም ሥር አለ፤ ክንፉን እንደ ጃንጥላ ሽቦ የሚሸከመው እሱ ነው። የመርፌዋ ጫፍ ከዚህ ሥር ጀርባ ትቀመጣለች። አትወጋም፤ ትደገፋለች። ከዚያ ትገፋለች። የግራው የፊት ክንፍ ወደ ላይ ይሄዳል። የኋላ ጠርዙ ከቦዩ ጋር 90 ዲግሪ ሲሠራ፣ ማለትም ከእርሳሱ መስመር ላይ ሲያርፍ፣ ትቆማለች። በሌላው እጅ ጥብጣቡ ይወጠራል። ከክንፉ ጠርዝ 2 ሚሊ ሜትር ርቆ ስፒል ይተከላል፤ ክንፉ ላይ ግን በፍጹም አይተከልም። ቀጥሎ የኋላው ክንፍ በዚያው መንገድ ይነሳል። የፊት ጠርዙ ከፊተኛው ክንፍ ሥር ይገባል። ከዚያ ቀኙ ይከተላል።

ቀኙ ሁልጊዜ ይከብዳል። ግራው አንድ ጊዜ ከተቀመጠ በኋላ ነጻነት የለም። ሁለቱ የፊት ክንፎች ጫፎቻቸው በአንድ መስመር ላይ ማረፍ አለባቸው። ቀኙን በግማሽ ሚሊ ሜትር ብታሳልፉት ቢራቢሮዋ ዘመም ያለች ትመስላለች፤ የቱ ክንፍ እንደተሳሳተ ግን ወዲያው አይታይም። ጋሼ ሲሠሩ ከፊታቸው ተቀምጬ ነበር የማየው። አንድ ቀን መርፌውን ሰጡኝና፣ «ልጄ፣ መጀመሪያ ትንፋሽህን ወደ ጎን መልሰው፤ ከዚያ እጅህን አቅርብ» አሉኝ። ምክር አልነበረም፤ ሥራው የሚፈልገው ነገር ነው። ገና ጥብጣብ ያልተጫነበት ክንፍ ከአፍንጫ በሚወጣ አየር ብቻ ይነሳል።

ቢራቢሮ በሕይወት ሳለች እንዲህ ተዘርግታ አትቀመጥም። አበባ ላይ ስታርፍ ክንፎቿን ታጥፋለች፤ ፀሐይ ስትሞቅ ትከፍታለች፤ የፊቶቹ ግን የኋላዎቹን ብዙውን ጊዜ ይሸፍናሉ። ሰሌዳው ላይ ያለው አቋቋም የፓስፖርት ፎቶ ዓይነት ነው። ሁሉም ሰው ፊቱን በአንድ አቅጣጫ አዙሮ ስለሚነሳ ነው ፊትን ከፊት ማስተያየት የሚቻለው። ዴሞዶከስ ላይ ይህ ግልጽ ይሆናል። ቅድም አስታውሱልኝ ያልኩት ክብ፣ በኋላው ክንፍ የፊት ጠርዝ ያለው፣ የኋላው ክንፍ ከልክ በላይ ከተገፋ በፊተኛው ሥር ይደበቃል። በቂ ካልተገፋ ደግሞ በሁለቱ ክንፎች መካከል የሦስት ማዕዘን ክፍተት ይቀርና ቢጫው መታጠቂያ ይቋረጣል። መታጠቂያው ከፊተኛው ክንፍ ተነስቶ በኋለኛው ላይ ይቀጥላል። በትክክል ስትዘረጋ መስመሩ ሳይሰበር ከክንፍ ወደ ክንፍ ይሻገራል፤ ክቡም ሙሉ ሆኖ ይታያል። ዲግሪውን ያወጣው ሰው ነው፤ መታጠቂያው ሲገጥም ግን ልኩ ከቢራቢሮዋ የመጣ ይመስለኛል።

የቀረው አንቴናውና ሆዱ ነው። አንቴናዎቹ ከፊት ክንፎቹ የፊት ጠርዝ ጋር ተቀራራቢ ሆነው ወደ ፊት ይከፈታሉ፤ በጥብጣቡ ጠርዝ ወይም በሁለት ስፒሎች መካከል ይያዛሉ። ሆድ ከራሱ ክብደት የተነሳ ቦዩ ውስጥ ይወርዳል። ከሥሩ ሁለት ስፒሎች ተጠላልፈው ይተከላሉ፤ ሆዱ በመስቀለኛው ላይ ያርፋል። አንድ ሰሌዳ ላይ ለአንዲት ቢራቢሮ ሃያ ስፒል ይፈጃል። ከሃያዎቹ የምትወጋት አንዷ ብቻ ናት።

ከዚያ ሁለት ሳምንት፣ ለወፍራም ገላ ሦስት ሳምንት፣ አቧራ በማይገባበት ቦታ ትቆያለች። መድረቋ የሚታወቀው በሆዷ ነው። በስፒል ጫፍ ሆዷ በጣም ቀስ ተብሎ ሲነካ ብቻውን ከተንቀሳቀሰ አልደረቀም። መላ ገላዋ አብሮ ከተንቀሳቀሰ ደርቋል። የመጀመሪያዬን ይህን ሳላደርግ በዘጠነኛው ቀን አነሳኋት። ጥብጣቡን ስገልጥ የግራው አንቴና ጥብጣቡ ላይ ቀረ፤ ክንፎቹም በሳምንቱ ውስጥ እንደ ጣሪያ ወደ ታች ወረዱ። አንቴናውን ጋሼ በፀጉር ጫፍ በነካ ሙጫ መለሱት። መልሰውም መለያው ላይ «የግራ አንቴና ተለጥፏል» ብለው ጻፉ። ሣጥናቸው ውስጥ ሌሎች ሙሉ አንቴና ያላቸው ስባሪ ቢራቢሮዎች ነበሩ፤ ከእነሱ ወስደው አልለጠፉም። የሌላ ገላ አካል ያለባት ናሙና ውሸት ትናገራለች። ምንም አንቴና የሌላት ግን ያላትን ያህል እውነት ትናገራለች።

ስፒሏ ላይ ገና ቦታ አለ። ከ38 ሚሊ ሜትሩ ወደ 9 የሚጠጋው ከገላዋ በላይ ይተርፋል፤ ይህ የጣት ቦታ ነው። ከታች ያለው የመለያ ቦታ ነው። ከፍታቸው 24፣ 16 እና 8 ሚሊ ሜትር የሆነ ባለ ሦስት ደረጃ ትንሽ እንጨት አለ፤ በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ ቀጭን ቀዳዳ እስከ ወለሉ ይወርዳል። መለያው በ16ቱ ደረጃ ላይ ይቀመጥና ስፒሏ በላዩ አልፋ ቀዳዳው ውስጥ እስክትቆም ትጫናለች። ሁለተኛው መለያ በ8ቱ ላይ እንዲሁ ይደረጋል። ሣጥኑ ውስጥ ያሉት መለያዎች ሁሉ በአንድ ከፍታ ላይ የሚታዩት በዚህች እንጨት ምክንያት ነው። በጎን ስታዩዋቸው እንደ ፎቅ ወለል ይሰለፋሉ።

መለያው ርዝመቱ 18፣ ወርዱ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ወረቀቱ አሲድ የሌለበት፣ ቀለሙም የማይደበዝዝ መሆን አለበት። በላዩ ላይ አገር፣ ክልል፣ ቦታ፣ ኬክሮስና ኬንትሮስ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ያለው ከፍታ፣ ቀንና የሰብሳቢው ስም ይሰፍራሉ። ይህ ሁሉ ከአውራ ጣት ጥፍር በምታንስ ወረቀት ላይ ነው። ክንፏ ተሰብሮ መለያዋ የተሟላ ቢራቢሮ ናሙና ናት። ክንፏ ሙሉ ሆኖ መለያ የሌላት ቢራቢሮ ጌጥ ናት።

የቦታ ስም ብቻውን እንደማይበቃ እኛ ከማንም የበለጠ እናውቃለን። እንግሊዛዊው የነፍሳት አጥኚ ሂው ስኮት በ1926 እና በ1927 እ.ኤ.አ. እዚህ አገር ብዙ ሰብስቧል፤ ናሙናዎቹ በለንደን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ይገኛሉ። መለያዎቹ አገሩን «አቢሲኒያ» ይሉታል። ከእሱ በኋላ የተጻፈ መለያ ደብረ ዘይት ይል ይሆናል፤ ዛሬ የሚጻፈው ቢሾፍቱ ይላል። ናዝሬት የሚለው መለያና አዳማ የሚለው መለያ የአንድ ከተማ ናቸው። ኬክሮስና ኬንትሮሱ ሲጻፍ ግን ስሙ ቢለወጥም ቁጥሩ ባለበት ይቆያል።

ከቦታው ይልቅ የሚያስጨንቀኝ ቀኑ ነው። በዓለም ላይ የተለመደው ቀኑን በተራ ቁጥር፣ ወሩን በሮማ ቁጥር፣ ዓመቱን ሙሉ አድርጎ መጻፍ ነው። ወሩ በሮማ ቁጥር የሚጻፈው ማን ቀንን፣ ማን ወርን እንደሚያስቀድም ጥርጥር እንዳይኖር ነው። ለፈረንጁ ይህ ይበቃል። ለእኛ ግን አይበቃም። መለያ ላይ 12፣ ቀጥሎ የሮማ ሦስት፣ ቀጥሎ 1998 የሚል አገኘሁ እንበል። ሰብሳቢው በጎርጎርዮሳውያን ከቆጠረ ማርች 12 ቀን 1998 ነው። በእኛ ከቆጠረ ሦስተኛው ወር ኅዳር ነው፤ ኅዳር 12 ቀን፣ የኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ በፈረንጁ ኖቬምበር 21 ቀን 2005 ነው። በሁለቱ መካከል ሰባት ዓመት ከስምንት ወር አለ። አንዱ በልግ ነው፤ ሌላው መኸር ነው። ቢራቢሮዋ የምትበርበትን ወቅት የሚፈልግ አጥኚ በዚህች ወረቀት ይሳሳታል፤ መሳሳቱንም የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ስለዚህ በላይኛው መለያ ላይ በጎርጎርዮሳውያን እጽፋለሁ። በታችኛው ላይ የእኛን ቀን የወሩን ስም ሙሉ አድርጌ፣ ዓ.ም. ጨምሬ እጽፋለሁ። ቦታ ይፈጃል፤ ፊደሉም በአጉሊ መነጽር የሚነበብ ይሆናል። ግን ይገባል፤ ለክቼዋለሁ።

ሣጥኑ የመጨረሻው ክፍል ነው። ጠላቱ ብል አይደለም፤ ከምስር ፍሬ የምታንስ ክብ ጢንዚዛ ናት። እሷም ሳትሆን ፀጉራም እጭዋ ነው። ደረቅ ነፍሳትን ከውስጥ ይበላል። መኖሩ የሚታወቀው ከናሙናው ሥር ወለሉ ላይ በሚታይ ቡናማ ዱቄት ነው፤ ዱቄቱ ሲታይ ሆዱ ባዶ ሆኗል። ድሮ በሣጥኑ ጥግ ናፍታሊን ይደረግ ነበር። ለሰው ሳንባ ጥሩ ስላልሆነ ዛሬ ብዙ ቦታ ሣጥኑ ሙሉውን በላስቲክ ተጠቅልሎ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪና ከዚያም በሚወርድ ማቀዝቀዣ ውስጥ ለቀናት ይቆያል። ከማቀዝቀዣውም ከናፍታሊኑም በፊት ግን የሚከላከለው አናጺው ነው። የክዳኑ ከንፈር በሣጥኑ ከንፈር ውስጥ ዙሪያውን ሲገባ እጭ የሚያልፍበት ክፍተት መቅረት የለበትም። ጥሩ ሣጥን ሲከፈት ትንሽ ይሳባል፤ አየሩ እንደ ሽሮ ድስት ክዳን ይይዘዋል።

ዴሞዶከሷን የማስገባው ጫፉ በታጠፈ ወረንጦ ነው። ወረንጦው ስፒሏን ከታችኛው መለያ በታች ይይዛታል። የሣጥኑ ወለል ላይ ያለው ለስላሳ ፎም እስከ 6 ሚሊ ሜትር ይቀበላታል። ገላዋ ከላይ ካለችውና ከታች ካለችው ጋር በአንድ ቀጥታ ይሰለፋል። የግራው ክንፍ ጫፍ ከጎረቤቷ ክንፍ ጫፍ በሁለት ሚሊ ሜትር ይርቃል። ከዚያ ክዳኑን በአንድ ጎን ብቻ አስገብቼ ሌላውን ጎን በጣም ቀስ እያልኩ አወርዳለሁ። በደንብ የሚገጥም ክዳን በችኮላ ከተዘጋ አየሩን ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ የሚገፋው አየር ደግሞ አንቴና ለመስበር ይበቃል።